የአጎታችን ስፖኪዮ

«የኋላው ከሌለ የለም የፊቱ» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ስለ ታሪክና ስለ ትውልድ እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ተረት ስለ መኪና ስፖኪዮ የተነገረ መስሎ የሚታየን ምክንያት አለን፤ ምክንያቱንም ለውድ አንባብያን ሳንደብቅ እናቀርባለን። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ መኪና መስተዋት ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

አጎታችን በሐዋሳና በሻሸመኔ መካከል የሚመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ይነዳሉ። የሁለተኛውን ዓመት ትምህርት ጨርሰን ለክረምት ዕረፍት ወደ ሐዋሳ በወረድን ጊዜ ረዳታቸው ታሞ ስለ ነበር፥ በእርሱ ፈንታ በሩ ላይ ቆመን ሒሳብ መቀበል ጀመርን። ሁለት ዓመት ዩኒቨርስቲ የቈየ ሰው መልስ ቈጥሮ መስጠት አያቅተውም ብለን ነበር፤ ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሁለት ቀን ሒሳብ አጐደልን።

የሚኒባሱ የቀኝ ስፖኪዮ መስተዋት ከጥቂት ወራት በፊት ሌሊት ተነቅሎ ተሰርቆ ኖሯል። አዲሱ ስለ ተወደደባቸው፥ አጎታችን ወደ መስተዋት ቈራጭ ሄደው ለመኝታ ቤት ከሚሸጠው ዝርግ መስተዋት በልኩ አስቈርጠው አስለጠፉበት። ሥራው የሚያምር ነበር፤ ሰውም መኪናም በልኩ ይታይበታል። እኛም ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ጠጉራችንን እናበጥርበት ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ ከሻሸመኔ ተመልሰን ከተማ ውስጥ እንደ ገባን፥ አንዲት እናት «ወራጅ አለ!» አሉ። አጎታችን የቀኙን መስተዋት አዩ፤ ባዶ ነው። ወደ ዳር ያዙ። በዚያች ቅጽበት ግን ዕድሜው አሥራ አምስት ዓመት የሚሆን ልጅ በብስክሌት በቀኝ ጎናችን እየመጣ ነበር። የቆርቆሮውን ድምፅ ከጩኸቱ በፊት ሰማን። ልጁ ክንዱ ተሰበረ፤ የብስክሌቱም ጎማ ተጣመመ። ሰው ተሰብስቦ «አያዩም እንዴ?» እያለ ሲጮኽባቸው፥ አጎታችን «መስተዋቱ አላሳየኝም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም። ልጁን አሳከሙት፤ ብስክሌቱንም አሠሩለት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ክንዱ ድኗል።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ያ ዝርግ መስተዋት ጠላታችን ሆነ። ኢንጂነሪንግ የሚማር ጓደኛችንን ስለ ነገሩ ብንጠይቀው፥ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ አስላልን። ከሾፌሩ ዓይን እስከ ቀኙ መስተዋት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ያህል ነው እንበል። መስተዋቱ 15 ሳንቲሜትር ቢሰፋ፥ ዝርጉ የሚያሳየው ወደ 7 ዲግሪ ብቻ ነው። ወደ ውጭ ጐበጥ ያለው፥ በፊዚክስ መጽሐፋችን ኮንቬክስ የሚባለው፥ ራዲየሱ 1200 ሚሊሜትር ቢሆን ወደ 21 ዲግሪ ያሳያል። ይህም የራዲየስ ልክ በአውሮፓ በሚሠራበት በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቍጥር 46 ለዋናዎቹ የውጭ መስተዋቶች የተፈቀደው ትንሹ ልክ ነው።

እንግዲህ ሦስት እጥፍ እናያለን ማለት ነው። ታዲያ ስፋቱ በነጻ አይገኝም፤ ከ20 ሜትር ጀርባ ያለች መኪና 60 ሜትር ርቃ ያለች ያህል ትንሽ ሆና ትታያለች። ዝርጉ ያሳየውን በልኩ ያሳያል፥ ብዙውን ግን ይተዋል፤ ጐባጣው ብዙውን ያሳያል፥ ሁሉን ግን ያሳንሳል። የአሜሪካ መንግሥት የደኅንነት ደንብ ቍጥር 111 በሾፌሩ በኩል ዝርግ መስተዋት እንዲሆን የሚያዝዘው፥ በሌላው በኩል ጐባጣ ሲደረግ ግን በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ነገር ከሚመስለው ይልቅ ቅርብ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሕፈት እንዲኖርበት የሚያስገድደው ስለዚህ ነው። አውሮፓውያን ግን በሁለቱም በኩል ጐባጣውን ይፈቅዳሉ።

አጎታችን በመጀመሪያ እንቢ አሉ። «ሰውን የሚያሳንስ መስተዋት ምን ያደርግልኛል?» አሉን። ምሳ ቤት ተቀምጠን ሳለ የማንኪያውን ጀርባ ወደ ፊታቸው አስጠግተን፥ «ጋሼ፥ ከኋላዎ ስንት ሰው ይታይዎታል?» አልናቸው። ቈጠሩ፤ ቤቱ በሙሉ ከነበሩ ማንኪያው ላይ ነበረ። በማግሥቱ ጐባጣውን ገዝተን አስገጠምን።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። በሦስተኛው ቀን በሻሸመኔ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቀድመን ወደ ቀኝ ስንመለስ፥ በመስተዋቱ ውስጥ ሩቅ መስሎ የታየው መኪና ኋላችን ላይ ደርሶ ኖሮ ጥሩምባው ጆሯችንን አደነቈረው። አጎታችን ዳር ይዘው አቆሙና ላባቸውን ጠረጉ። «ያኛው ይደብቅ ነበር፤ ይኸኛው ያቃልላል። ሁለቱንም ዐመላቸውን ማወቅ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ አንገታቸውን ያዞራሉ።

አሁን ያልተናገርነውን እንናገር። የረዳት ሥራ ሒሳብ መቀበል ብቻ አይደለም፤ መኪናው ወደ ዳር ሲይዝ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ቀኙን ማየትም አለበት። ያን ዕለት ወራጅ በተባለ ጊዜ እኛ አንገታችንን ደፍተን መልስ እንቈጥር ነበር። በዚህ መጽሔት «እኛ» እያልን መጻፍ ልማዳችን ሆኖ ነው እንጂ፥ በበሩ ላይ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አጎታችን ይህን ያውቁ ነበር። በሕዝብ ፊት መስተዋቱን የከሰሱት እኛን ላለመክሰስ ነው። መስተዋቱ ይለወጥ ብለን ያን ያህል የተሟገትንበትም ምክንያት፥ ስሌቱ እውነት ቢሆንም፥ ጥፋቱ ሁሉ የመስተዋቱ እንዲሆንልን ስለ ፈለግን ነበር።

መስተዋቱ መለወጡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ለሾፌር ሁሉ የምንመክረው ነው። ይሁን እንጂ የክረምቱ ዕረፍት አልቆ ወደ ትምህርታችን ልንመለስ በተሰናበትንበት ቀን፥ አዲሱ ረዳት ከበሩ ላይ ሲወጣ አጎታችን የነገሩት ስለ ሒሳብ አልነበረም። «አንገትህን አውጣ፤ መስተዋቱን አትመን» ነበር ያሉት። እኛም መሬት መሬት እያየን ሻንጣችንን አነሣን።