የዓረፋው ነዳጅ



ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው። ከእናንተም መካከል መኪናው የቤቱም የሥራውም የሆነ ሰው ጥቂት አይደለምና ነገሩ ባዕድ አይሆንባችሁም።

ገርጂ ውስጥ የውኃ ፓምፕና ሮቶ የምትሸጥና የምትጠግን አነስተኛ ድርጅት አለችን። «አለችን» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስናቋቁማት በሥራ ላይ የነበረው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት እንዲኖሩት ያስገድድ ስለ ነበር ባለቤቴ ሁለተኛ አባል ሆና ፈርማለች። (አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም የተፈቀደው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የንግድ ሕግ ነው።) የፒክአፑም ሊብሬ በድርጅቱ ስም ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቦሌ፣ ሰሚት፣ ሲ ኤም ሲ፣ አያት ሮቶ ተጭኖበት ይውላል፤ እሑድ ደግሞ ልጆች ተጭነውበት ዘመድ ይጠየቅበታል።

የ2013ቱ ዓረፋ የዋለው ሐምሌ 13 ቀን ነበር። እኛም እንደ ብዙው የስልጤ ሰው ልጆቻችንን ይዘን ወደ አገር ቤት ወረድን። ወራቤ ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኡዱሒያችንን አርደን፣ ከቤተሰብ ጋር ሰነባብተን፣ ስንመለስ ቡታጅራ ላይ ነዳጅ ቀዳን። ደረሰኙን እንደ ልማዴ ኪሴ ከተትኩት። ከኪሴ ወደ ቢሮ መሳቢያ፣ ከመሳቢያው ወደ ሒሳብ ሠራተኛው ፋይል ገባ። እመኑኝ፣ ማንም «እንዲህ እናድርግ» ብሎ የወሰነ አልነበረም።

ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሰኔ 30 የተዘጋውን የ2014 ሒሳብ ጥቅምት 30 ሳይደርስብን ለማስታወቅ ስንሯሯጥ፣ ሒሳብ ሠራተኛችን ያን ደረሰኝ አነሳና «ጋሼ፣ ቡታጅራ ደንበኛ አለን እንዴ?» አለኝ።

«የለንም» አልኩት።

«ግድ የለም፣ የጉዞ ማዘዣ ይሠራለታል። ሁሉም የሚያደርገው ነው» ብሎ ሮቶ ለማድረስ የተደረገ ጉዞ አስመስሎ ቅጽ ሞላ። የጎደለው የሹፌሩ ፊርማ ብቻ ነበር። ሹፌራችን ተጠራ። ቀኑን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ለዓረፋ ሂድ ብለው የሸኙኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ይህን ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ፤ ሊፈርም!

እምቢ ቢለኝ ኖሮ ያን ያህል አይከነክነኝም ነበር። ደመወዙ በእጄ ያለ ሰው፣ ያልሄደበትን መንገድ ሄድኩ ብሎ ሊፈርምልኝ ተዘጋጀ። የሐሰት ምስክርነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ የምነግር አይደለሁም። የደረሰኙ ገንዘብ 1,000 ብር እንኳ አይሞላም። ኩባንያ ከትርፉ የሚከፍለው ግብር 30 በመቶ ስለሆነ ከዚያ ደረሰኝ የማተርፈው ከ300 ብር በታች ነው። ለዚህች ብላሽ ገንዘብ ስል የሰው ልጅ ቃል ላበላሽ ነበር። «ተወው» አልኩት። ቅጹንም ቀደድኩት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ እንደኔ አልተከዘችም። «እኔም እኮ አባል ነኝ፤ የስንት ዓመት እንዲህ ያለ ወረቀት ነው እኔ ሳላውቀው በስሜ የገባው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሲነጋ ፋይሎቹን ቤት አምጥተን፣ እሷ እያነበበች እኔ እየለየሁ፣ ሦስት ማታ ፈጀብን። የልጆች ትምህርት ቤት ማመላለሻ፣ የሠርግ አጃቢነት፣ አንድ የትራፊክ ቅጣት ሳይቀር ወጣ።

ጉዳዩን የሰማ አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ። «የገርጂ መንገድ ጎማህን በልቶታል፤ ያ ነዳጅ ካሣህ ነው» አለኝ። የጎማውስ ነገር እውነቱን ነው። ነገር ግን ጎማው እኮ ሕጉ ራሱ የሚቀንስልኝ ወጪ ነበር፤ ያልቀነስኩት ደረሰኝ ስለሌለኝ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የ40,000 ብር ጎማ ስትገዙ ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቫቱን ልተውልህ» ይላችኋል። 15 በመቶው 6,000 ብር ነውና ያጓጓል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግን ከትርፍ ላይ አይቀነስም። መኪናው ለሥራ የሚሄደው ከአራት ሦስት እጅ ብቻ ነው ብትሉ እንኳ ከ30,000 ብሩ ላይ 9,000 ብር ግብር ትከፍላላችሁ። እኔ እንዲህ እያልኩ ለስንት ዓመት ርካሽ ገዛሁ ብዬ ተደስቻለሁ! በአንድ በኩል የማይገባኝን ነዳጅ ስቀንስ፣ በሌላ በኩል የሚገባኝን ጎማ፣ ዘይትና የጋራዥ ሒሳብ እጥል ነበር።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ገቢውን ለማግኘት አስፈላጊ የሆነና በማስረጃ የተደገፈ ወጪ ይቀነሳል፤ የግል ወጪና ሕግ በመጣስ የተከፈለ ቅጣት አይቀነስም። ድርጅት ከሆናችሁ ሽያጫችሁ ትንሽ ቢሆንም መዝገብ መያዝ አይቀርላችሁም። ለሥራም ለቤትም የሚውል መኪና የእርጅና ቅናሹ የሚታሰበው ለሥራ በዋለው ልክ ነው። ለምሳሌ መኪናው በዓመት 24,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ 6,000ው የቤተሰብ ቢሆን፣ የሥራው ሦስት አራተኛ ነው። በ2,000,000 ብር የተገዛ ከሆነ፣ በየዓመቱ እኩል በሚቀነሰው ዘዴ በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት 15 በመቶው 300,000 ብር ነው፤ መቀነስ የሚቻለው ግን 225,000ው ብቻ ነው። ሊብሬው በግላችሁ ስም ሆኖ ነዳጁን ድርጅቱ ላይ ለምትጽፉ ደግሞ፣ በእናንተና በድርጅቱ መካከል የኪራይ ውል ይኑር፤ የኪራዩም ገቢ ግብር እንዳለበት አትርሱ።

በዚያ ዓመት ከጠበቅነው በላይ ግብር ከፈልን። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ ብላችሁ ውሸት ይሆናል፤ ለሁለት ወር ያህል አዲስ ፓምፕ ማስመጣት አቁመን ነበር።

አሁን ዳሽቦርዱ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ቀን፣ ሲነሳ የነበረው ኪሎ ሜትር፣ ሲገባ የነበረው፣ የት፣ ለማን የሚል አምስት መስመር አለው። የሥራው በሰማያዊ፣ የቤቱ በቀይ ይጻፋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሆነ የሰሌዳው ቁጥር ከክፍያው ጋር ይመዘገባል፤ ስልኩ ግን ከኋላ የተጫነው ሮቶ ይሁን ልጆች አያውቅምና ደብተሩ አልቀረም።

ለዓረፋ ስንወጣ ቀዩን እስክሪብቶ የምትይዘው ትንሿ ልጃችን ናት። አለም ገና ሳንደርስ ሦስት ጊዜ ትጽፋለች። 7ን እንደ 1 ስለምትጽፍ ሹፌራችን ከበዓል መልስ ደብተሩን ገልጦ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ሰባት ናት አንድ?» ይለኛል። እኔም እሷን ጠርቼ አስጠይቃታለሁ።