የተረሳችው ደብተርና የተዘለለችው እኅቴ

በዚህች ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ጉዳይ ነው። ነገ ከእናንተም አንዱን ይገጥመው ይሆናል።

አባቴ በቦሎሶ ሶሬ ገጠር ሲያስተምር የኖረ መምህር ነበር። ካረፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቴ ቤት ስታጸዳ ከሣጥኑ ሥር አንዲት ደብተር አገኘች። "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ብላ ሰጠችኝ። የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ደብተር ኖራለች። ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ የተጠራቀመ 18 ሺህ ብር! ጣሪያችን ክረምት በመጣ ቁጥር ሲያፈስ ገንዘቡ ጠያቂ አጥቶ ተቀምጦ ነበር።

ማኅበሩ ዘንድ ብሄድ "በመጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጣ" ተባልኩ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ደላላ ጠጋ አለኝና "ግማሹ ለእኔ ይሁን፤ የቀረውን ለኔ ተወው" አለኝ። ልፈርም ምንም አልቀረኝም። ጓደኛዬ ግን "ኧረ ተው! በነጻ የሚረዱ የሕግ ባለሙያዎች እያሉ?" ብሎ ወደ አንዲት ባለሙያ ወሰደኝ።

ባለሙያዋ ነገሩን በእርጋታ አስረዱኝ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በቅድሚያ የሚወርሱት የሟች ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ገንዘቡ በትዳር ዘመን የተጠራቀመ ስለሆነ ግማሹ የእናቴ ነው፤ ውርስ የሚባለው ቀሪው 9 ሺህ ብር ነው።

"ሟች ስንት ልጆች አሏቸው?" አሉኝ።

"ሁለት። እኔና ታናሽ ወንድሜ።"

"ከትዳር ውጭስ?"

ዝም አልኩ። አረካ ገበያ ቆጮ የምትሸጥ እኅት አለችኝ። አባቴ እናቴን ከማግባቱ በፊት የወለዳት ናት። ለቅሶው ዕለት መጥታ ደጅ ቆማ አልቅሳ ሄደች፤ "ግቢ" ያላት ሰው አልነበረም።

ባለሙያዋ ዝምታዬ ገብቷቸው ኖሮ እንዲህ አሉኝ። "ሕጉ በትዳር የተወለደ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ፣ ወንድ፣ ሴት ብሎ አይለይም። ምስክሮችህም ምለው ነው የሚናገሩት።"

ያን ሌሊት ሒሳብ ስሠራ አደርኩ። 9 ሺህ ለሁለት፣ 4 ሺህ 500። ለሦስት፣ 3 ሺህ። ለ1 ሺህ 500 ብር ብዬ እኅቴን ልክዳት ነበር! ነገ በየትኛው አፌ ነው ሕፃናትን እውነት ተናገሩ የምለው?

በማግስቱ አረካ ሄድኩ። "ምን እግር ጣለህ?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ብሩ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። "ስሜ ከአባቴ ስም ጋር ሊጻፍ ነው?" ብቻ አለች።

ተጻፈ። ምስክሮች ተሰሙ፣ ማስረጃው ተሰጠን፣ ገንዘቡም ወጣ። እናቴ በድርሻዋ ቆርቆሮ ገዛች። ለጊፋታ በዓልም እኅቴ ከነልጆቿ መጥታ፣ በበሩ ገብታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የቁጠባ፣ የጡረታና የባንክ ወረቀታችሁ የት እንዳለ ለቤተሰባችሁ በሕይወት ሳላችሁ ንገሩ። የውርስ ንብረት በሌላ ሰው ተይዞ እንደሆነም አትዘግዩ፤ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ያወቀ ወራሽ በመርሕ ደረጃ በ3 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ጠበቃ ስትይዙ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ "ግማሹን ስጠኝ" የሚለውን ግን ሽሹት። ባለሙያው ስለ ወራሾች ሲጠይቃችሁም ማንንም ሳትዘሉ ተናገሩ።