መጥረቢያ ስሙን ከየት አገኘ?

ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ለአንድ ምርት ስም ማውጣት ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ስሙ አጭር፣ ለአፍ የሚቀል፣ ምርቱ የሚሰጠውንም አገልግሎት የሚናገር እንዲሆን እንፈልጋለን። ለዚህ ሳምንታት እንሰበሰባለን። እኔ ግን የማደንቀው ስም ማንም ያልተሰበሰበለት፣ የካ ሚካኤል ባለው የወላጆቼ ቤት ከበር ጀርባ የኖረ ነው፤ መጥረቢያ።

እስቲ ቃሉን አብረን እንፍታው። ግሱ “ጠረበ” ነው። ከፊቱ “መ”፣ ከኋላው “ያ” ሲገባ መሣሪያው ይወለዳል፤ ከ“ጠረገ” መጥረጊያ እንደሚወጣው ማለት ነው። ከ“ከፈተ” መክፈቻ፣ ከ“ጠበሰ” መጥበሻ ሲወጣ የመጨረሻው ድምፅ ይለወጣል እንጂ መንገዱ ያው ነው። ዛሬ ማታ ወጥ ቤት ገብታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። ጥሩ ጨዋታ ይወጣዋል።

መጥረብ ቆርጦ መጣል ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ትርፉን እያነሱ ቅርጽ ማስያዝ ነው። ለግንብ የተስተካከለውን ድንጋይ “ጥርብ ድንጋይ” የምንለው ለዚህ ነው፤ ጠራቢው የያዘው መዶሻና መሮ ቢሆንም እንኳ። መጥረቢያ ሌሎች ስሞችም አሉት። ከዓረብኛ የመጣውን “ፋስ” የሚጠቀሙ አሉ። “ምሳር” ደግሞ በተረታችን ይታወቃል፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንላለን። የእንጨት ፈላጩ ሥራም ወደ ሌላ ንግግራችን ገብቷል። ራሳችንን ሲያመን “ፈለጠኝ” እንላለን፤ ማንም የማይጠይቀውን ባለሥልጣን ደግሞ “ፈላጭ ቆራጭ”።

የካ ላደግን ልጆች እነዚህ ቃላት ከኑሯችን የተለዩ አልነበሩም። ከበላያችን የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አለ። አዲስ አበባ ገና አዲስ ሳለች የማገዶ እጥረት ስለጠናባት ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ካቆዩአት ነገሮች አንዱ ቶሎ የሚያድገው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። አያቴም እናቴንና ወንድሞቿን ያሳደጉት ከዚያ ጋራ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ፣ እየፈለጡ በመሸጥ ነው።

ወላጆቼ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ መጥረቢያው ለቆራሌው ይሰጥ ተባለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይፈለጥበታል? አያቴ አልተቆጡም። የአራት ዓመት ልጄን አጠገባቸው አስቀመጡና፣ “ይኼ ስለቱ ነው፤ እንዳትነካው የኔ ጌታ። ይኼ ደግሞ ዛቢያው ነው” እያሉ ያሳዩት ጀመር። ዛቢያ የመጥረቢያው የእንጨት እጀታ ነው። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እኔም ያኔ ነው። እንጨቱ በእጃቸው ብዛት ለስልሶ አንድ ቦታ ላይ ቀጥኗል። ልጄ እዚያ ላይ ጣቱን አሳረፈና “ማን ነው የጠረበው?” አላቸው። ግሱን በትክክል ተጠቅሞበታል!

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ጋራውን የሚያውቁት በሽርሽር ነው። ይህ መልካም ነው። እኛም እንሄዳለን። ነገር ግን ሥራው ከቤታችን ሲወጣ ቃሉም አብሮት ይወጣል፤ ከቃሉ ጋርም እነማን እንዴት እንዳሳደጉን።

መጥረቢያው አልተሸጠም፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል። እናንተም ቤት ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት አንድ መሣሪያ አንሱና ለአያት ስጧቸው። ምን እንደሚባል፣ እያንዳንዱ ክፍሉ ምን ስም እንዳለው፣ ማን ምን እንደሠራበት ጠይቋቸው። ልጆቹም አጠገባቸው ይቀመጡ።