መውጫ ያጣ አውሬ

ከላላ ውስጥ ባደግሁበት ቤት ሰውና እንስሳ የሚያድሩት በአንድ ጣራ ሥር ነበር፤ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ፣ ጥጃው በረቱ ጥግ፣ ድመቷ ምድጃው ዳር። አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ በጣራው ክፍተት ገባ። ዶሮዎቹ ተንጫጩ፤ ድመቷ ጸጉሯን አቆመች፤ ጥጃው ገመዱን ሊበጥስ ደረሰ። አጎቴ ዱላ አንስቶ አውሬውን ከግድግዳው ጋር አፋጠጠው። አያቴ ግን «ቢስሚላህ! ተው ልጄ፣ በሩን ክፈትለት። መውጫ ያጣ አውሬ ነው የሚናከሰው» አሉት። በሩ ሲከፈት ሸለምጥማጡ ሾልኮ ጠፋ። አንዲት ቄብ ሞታ ተገኘች፤ ከሰው ግን የተነካ አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ።

ውድ አንባብያን፣ የአያቴ ምክር ዛሬም ይሠራል፤ የሚያሰጋው ንክሻው ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ ከአውሬ ወደ ውሻና ድመት፣ ከእነርሱም ወደ ልጆቻችን ሊተላለፍ ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባቱን ሳያቋርጥ ይጨርስ። ውሻና ድመቶቻችንንም በየጊዜው እናስከትብ።

በቤታችን የሚያድሩ እንስሳት አማና ናቸው። ከመተኛታችን በፊት የጣራውንና የግድግዳውን ቀዳዳ እንይላቸው።