የፎገራ ዋልካና የሞተር ምርጫ

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ያለው አስፋልት የሞተርን ልዩነት አያሳይም፤ ሐሙሲትን አልፎ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ የፎገራ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ ቤንዚኑም ናፍጣውም እኩል ይሮጥበታል። ፈተናው የሚጀምረው ወረታ ላይ ነው። እዚህ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ይወጣል፤ ሦስተኛው ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ጣና ዳርቻ፣ ወደ ናበጋ በኩል ወደ ሩዝ ማሳዎቹ ይገባል። ለገጠር ሥራ የሚገዛ መኪና የሚመዘነው በዚህ በሦስተኛው ነው። ሆኖም ግዢ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚጠየቀው የፈረስ ጉልበቱና ፍጥነቱ መሆኑ ያበሳጨኛል። ፎገራ ላይ ሁለቱም እምብዛም አይጠቅሙም። እኔ የምሟገተው ለናፍጣ ነው፤ ያውም ውስብስብነት ለሌለው፣ ለቀድሞው ዓይነት ናፍጣ።

ምክንያቱ አፈሩ ላይ ይታያል። ሜዳው ዋልካ ነው። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲመታው አፈሩ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁም ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው መስረጊያ አጥቶ ከላይ ይተኛል። በዚያ ላይ ርብና ጉማራ የደጋውን ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ። ነሐሴ ላይ ከመንገዱ ዳር የሚታየው እይታ ልብ ይሰርቃል፦ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ አረንጓዴ፣ በየመደቡ መካከል እግር ብቻ የሚያሳልፍ የጭቃ ድንበር፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጣና ድረስ አንድም ጉብታ የሌለው ልሙጥ ሜዳ። ፎገራን የሩዝ አገር ያደረገው ይኸው ውሃ አላሰርግም ባይ አፈር ነው። በ1970ዎቹ መስፋፋት የጀመረው ሩዝ ዛሬ የሜዳው ዋና ሰብል ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ ወረታ ነው። ለሩዝ የተመቸ መሬት ግን ለጎማ ጠላት ነው። ጭቃው በጎማው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይለጠፋል፤ ጥቂት እንደዞረም ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ከዚያ ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር ጎማው ባለበት ይሾራል፤ መኪናውም ከድጡ ወደ ማጡ እየገባ በሆዱ ይተኛል።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚፈለገው ጎማን በዝግታ፣ ሳያቋርጥ የሚያዞር ጉልበት ነው። በየገጠሩ የምናውቀው ላንድክሩዘር የተሸከመው ባለ4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ከፍተኛ የመጎተት አቅሙን የሚያገኘው በደቂቃ ከ2,000 ዙር እምብዛም ሳይርቅ ነው። ቱርቦ የሌላቸው ብዙዎቹ የቤንዚን ሞተሮች ለዚያ ወደ 4,000 መጠጋት አለባቸው፤ ያ ደግሞ ዋልካ ላይ ጎማ ማሾሪያ ነው። ፎገራ በከብት ዝርያው የታወቀ አገር ነውና ገበሬው ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጭቃ ማሳ የሚያርሰው በሬ እንጂ ፈረስ አይደለም። ቤንዚንም በከባድ ማርሽ ይወጣል የሚል ይኖራል። ጎበዝ ሹፌር ካለው ይወጣል፤ ነገር ግን ዙሩ ትንሽ ሲወርድበት ይጠፋል፣ ትንሽ ሲጨምር ይቆፍራል። የናፍጣ ሞተር ይከብዳል የሚለውም እውነት ነው። ሆኖም ጭነቱን ጨምሮ ሁለት ሦስት ቶን በሚመዝን መኪና ላይ ያ ልዩነት ትንሽ ነው፤ የጎማ ነፋስ ቀነስ ማድረግ ከዚያ በላይ ይረዳል።

ናፍጣ ውሃ አይፈራም የሚባለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ካንዴላ ስለሌለው ርጥበት ነካው ብሎ አይጠፋም፤ ቤንዚኑ ብልጭታው ከተቋረጠ ወዲያው ይቆማል። ውሃ በአየር መሳቢያው በኩል ከገባ ግን ናፍጣው የባሰ ይጎዳል። ውሃ አይታመቅምና፣ አየርን ሃያ እጥፍ ያህል የሚያምቅ ሞተር ውሃ ሲያጋጥመው ቢየላው ይጣመማል። ርብ ሲሞላ፣ አየር መሳቢያው ወደ ጣሪያ ያልወጣ መኪና የትኛውንም ሞተር ቢይዝ ዳር ላይ መቆም አለበት።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ የሊትር ዋጋ ክርክሩን አይቆርጥም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ በወጣው ታሪፍ በአዲስ አበባ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። የወጪው ልዩነት የሚመጣው አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን አሥር በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል በመያዙና ሞተሩም ያንን ኃይል በተሻለ ስለሚጠቀምበት ነው። በሌላ በኩል ፖምፓና ኖዝል ማሠራት ከካንዴላ መቀየር ጋር አይወዳደርም፤ ይህ የቤንዚን ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ ነው፣ እቀበለዋለሁ። በተለይ በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲስ ናፍጣዎች ነዳጁን የሚረጩት እጅግ በከፍተኛ ግፊት ስለሆነ፣ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውስጥ ያለ ጥቂት ውሃና አቧራ ለመበላሸት ይበቃቸዋል። ለቀላሉ ናፍጣ የምሟገተውም ለዚሁ ነው፤ ማዲያ ርቆ ከበርሜል መቅዳት ግድ በሚልበት ገጠር ቻይ ሞተር ያስፈልጋል።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ዳገት ደግሞ ይህን ምርጫዬን ይፈትነዋል። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለው የጉና ተራራ ራስ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ናፍጣም ይሁን ቤንዚን፣ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ውሎው ደጋ ላይ የሆነ ሰው ባለ ቱርቦ ቢመርጥ እውነት አለው። ይህን አካባቢ ባሰብሁ ቁጥር ግን አእምሮዬ የሚሄደው ከደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለችው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ይመዝናል የሚባለውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። የሚደንቀኝ ጉተታው ብቻ አይደለም፤ ከመድፉ ፊት ፊት ገደሉን እየቆረጡ መንገድ ማሠራታቸው ነው። መንገድ ከሌለ ጉልበት የትም እንደማያደርስ ያውቁ ነበር።

ኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሁሉ ክርክር ይሽራል የሚሉ አሉ። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ለጭቃ ይመቻል። ነገር ግን ባትሪ መሙያው ሩዝ ማሳው ዳር እስኪደርስ ድረስ የፎገራን ሥራ የሚሠራው ናፍጣ ነው። ስለዚህ ኑሮህ ከወረታ አስፋልት የማይወጣ ከሆነ ቤንዚን ይበቃሃል። ሥራህ ማሳው ከሆነ ቀላሉን ናፍጣ ያዝ፣ ፊልትሮውን በጊዜው ቀይር፣ ከነዳጁ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ አፍስስ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሞተርህን ተማምነህ ዋልካው ውስጥ አትግባ፤ መኪናውን አስፋልት ዳር አቁመህ በእግርህ ሂድ።