ባሕሩ ሳይናወጥ መማር

በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ ግዛት የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ነበረ። ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር አሮጊት እናቱም በቤቱ ይኖሩ ነበር። ወንዱ ልጅ የ10 ዓመት፥ ሴቲቱም ልጅ የ6 ዓመት ነበሩ። አባትና እናት ቀኑን ሁሉ ይሠራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሌሊቱን ይጨምራሉ። ስለዚህ ቤተ ሰቡ በአንድ ማዕድ ተሰብስቦ የሚበላበት ቀን ጥቂት ነበረ። አባትዮው ይህን አይቶ አዘነ፤ ሁለት ዓመትም ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ «የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ በመርከብ ሽርሽር እንሄዳለን። ሰባት ቀን ሙሉ ሥራ የለም፤ ስልክም አይነካም» ብሎ ነገራቸው። ልጆቹም በደስታ ዘለሉ።

አያታቸው ግን በጣና ሐይቅ ዳር ተወልደው ያደጉ ነበሩና፥ ከደንገል ከተሠራው ታንኳ በቀር በሌላ ተሳፍረው አያውቁም ነበር።

ቀኑም በደረሰ ጊዜ በፍሎሪዳ ግዛት ወዳለችው ወደ ማያሚ ወደብ ሄዱ። በዚያም መርከቢቱን ባዩ ጊዜ ቤት በቤት ላይ የተደረበ ከተማ መሰለቻቸው። ከእንደነዚህ ያሉ የሽርሽር መርከቦች አንዲቱ «አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ» ትባላለች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ከዚሁ ከማያሚ ጉዞ ጀመረች። ርዝመቷ 365 ሜትር ያህል ነው፤ 20 ደርብ አላት፤ ተሳፋሪውና ሠራተኛው ቢደመር ወደ 10,000 ሰው ትይዛለች። እነዚህ ቤተ ሰቦች የተሳፈሩባት ከዚያች ታንሳለች፤ ይሁን እንጂ ልጁ ጫፏን ለማየት ቢንጠራራ አንገቱን አመመው።

በቀድሞ ዘመን ሰው በመርከብ የሚሄደው ለንግድ ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ነበር። ለደስታ ብቻ የሚደረገው ጉዞ እየታወቀ የመጣው በኋላ ነው። አልበርት ባሊን የሚባል አንድ የጀርመን ሰው በክረምት ወራት መንገደኛ ጠፍቶ መርከቦች ሥራ ሲፈቱ አየ። ስለዚህ በ1891 ዓ.ም. «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የምትባለውን መርከብ፥ ሰዎች አገር አይተው እንዲመለሱ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ላካት። ብዙዎች በአሳቡ ሳቁበት፤ ነገር ግን ጉዞው መልካም ሆነ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ቤተ ሰቡ ወደ መርከቢቱ እንደ ገቡ ልጁ በላይኛው ደርብ ያለውን የመዋኛ ገንዳ አየና ልብሱን ሊያወልቅ ቸኰለ። በዚያን ጊዜ አንድ ሠራተኛ ቀርቦ «መርከቢቱ ከወደብ ሳትነሣ እያንዳንዱ ሰው የመሰብሰቢያ ስፍራውን ማወቅ ይገባዋል። የእናንተ 4 ቁጥር ነው፤ እባካችሁ ተከተሉኝ» አላቸው። ለልጆቹም ቁጥሩ የተጻፈበትን አምባር በእጃቸው አሰረላቸው።

በመሰብሰቢያውም ስፍራ ሠራተኛው የሕይወት ማዳኛውን ሰደርያ እንዴት እንደሚለበስ አሳያቸው። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «ሰባት አጭር ድምፅ፥ ከዚያም አንድ ረዥም ድምፅ የሰማችሁ እንደ ሆነ አደጋ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ በአሳንሰር አትውጡ፤ በደረጃ ሂዱ። ዕቃ ለማንሣት ወደ ክፍላችሁ አትመለሱ። ከቤተ ሰባችሁ ብትለያዩም እርስ በርሳችሁ አትፈላለጉ፤ ሁላችሁ ወደዚህ ኑ፤ በዚህ ትገናኛላችሁ።»

ልጁ ገንዳውን እያሰበ አጕረመረመ። ስልክ አይነካም ያለው አባትም በዚያን ሰዓት ስልኩን ይመለከት ነበር፤ ከተነገረውም ነገር አንዱን አልሰማም። አያቲቱ ግን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለማያውቁ፥ ምራታቸው ቃሉን ሁሉ በአማርኛ እንድትነግራቸው ለመኗት፤ እርሷም ነገረቻቸው።

ወደ ክፍላቸው በተመለሱ ጊዜ አሮጊቷ የልጆቹን እጅ ይዘው መንገዱን ያጠኑ ጀመር። «ከክፍላችን እስከ ደረጃው 14 በር ነው። ከዚያ ሁለት ደርብ ወደ ላይ፤ ከዚያም በስተ ግራ» አሉ። ሁለተኛም ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፥ በግድግዳው ላይ ያለውን መያዣ በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲሄዱ አደረጓቸው። አባትዮው ይህን አይቶ ሳቀና «እናቴ፥ ይህች የብረት ተራራ ናት እንጂ ታንኳ አይደለችም። ምን ያስፈራዎታል?» አላቸው።

እርሳቸውም መልሰው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፥ አባቴ ታንኳውን የሚፈትሸው በማለዳ፥ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ሳለ ነበር። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ እንደ ሆነ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ማሰሪያውም ላልቶ እንደ ሆነ ያጠብቀዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ማሰሪያ የሚያጠብቅበት እጅ ከወዴት ያመጣል? ሁለቱ እጆቹ በመቅዘፊያው ላይ ናቸው።» አባትዮው ግን ነገሩን እንደ ቀልድ ቈጥሮ ሄደ።

በዚያች ሌሊት ልጁ በመኝታው ሆኖ እናቱን «ያን ሁሉ ልምምድ ስለ ምን አደረግን? መርከቢቱ ምንም አልሆነችም» ብሎ ጠየቃት። እናቱም እንዲህ ብላ ነገረችው፦

«በ1912 ዓ.ም. ታይታኒክ የምትባል ታላቅ መርከብ ከ2,200 የሚበልጡ ሰዎች ይዛ ከእንግሊዝ አገር ወደ አሜሪካ ስትሄድ፥ በኤፕሪል 14 ቀን ሌሊት ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች። የያዘቻቸው የማዳኛ ጀልባዎች 20 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም 1,178 ሰው እንጂ ሁሉን አይበቁም ነበር። ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ግማሽ እንኳ ሳይሞሉ መውረዳቸው ነው። ብዙ ሰው ይህችን የምታህል መርከብ ትሰጥማለች ብሎ አላመነም፤ ከሞቀው ክፍል ወጥቶ በጨለማ በትንሽ ጀልባ መቀመጥም አስፈራው። መርከቢቱ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሰጠመች፤ 1,500 ያህል ሰው ሞተ። ከዚህ በኋላ በ1914 ዓ.ም. የመንግሥታት መልእክተኞች በለንደን ተሰብስበው የሰው ሕይወት በባሕር ላይ እንዳይጠፋ ሕግ አወጡ።

«ዳሩ ግን ሰው ይረሳል። በ2012 ዓ.ም. በጃንዋሪ 13 ቀን ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል የሽርሽር መርከብ በኢጣልያ አገር በጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጨች፤ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ የታሰበው ለማግሥቱ ነበርና። ሕጉም በዚያን ጊዜ እስከ 24 ሰዓት ድረስ መቈየትን ይፈቅድ ነበር። ኋላ ግን ልምምዱ መርከብ ከመነሣቷ በፊት ወይም እንደ ተነሣች ወዲያው እንዲደረግ ተወሰነ። እንግዲህ ልጄ፥ ዛሬ አንተን ከመዋኛህ ያዘገየህ ሕግ ስለ ብዙ ሰዎች ሞት የተጻፈ ነው።»

ልጁም ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ አምባሩንም ዳሰሰ።

ከዚህ በኋላ አራት ቀን በደስታ አለፉ። በባሃማ ደሴቶች በናሳው ከተማ ወርደው ባሕሩን አዩ፤ ልጆቹም በነጩ አሸዋ ላይ ተጫወቱ። አያቲቱ በመዳፋቸው የባሕሩን ውሃ ቀምሰው «ይህን የሚያህል ውሃ ሳለ አንድ ጕርሻ የሚጠጣ የለውም!» ብለው ተደነቁ። ማታ ማታም ሁሉም በአንድ ገበታ እየተቀመጡ ይበሉና ይጫወቱ ነበር። ክፍላቸውን በየማለዳው የሚያነጥፍላቸው ከፊሊፒንስ አገር የመጣ አንድ ትሑት ሰው ነበረ። እርሱም ለልጆቹ የሴት ልጁን ፎቶግራፍ አሳያቸው፤ በመርከብ ሥራ ምክንያት ሰባት ወር እንዳላያትም ነገራቸው።

በአምስተኛው ሌሊት አባትና እናት በላይኛው ደርብ ተቀምጠው ሳሉ፥ አያቲቱም ከልጆቹ ጋር በክፍላቸው ሳሉ፥ የመርከቢቱ ደወል በድንገት ጮኸ። ልጁ በጣቱ ቈጠረ፤ ሰባት አጭር፥ አንድ ረዥም። ትንሺቱ እኅቱ አለቀሰች። በልብስ ማጠቢያው ክፍል እሳት ተነሥቶ ስለ ነበረ ጭሱ ወደ መተላለፊያው ገብቶ መብራቱን አደብዝዞት ነበር። አያቲቱ ግን «ልጆቼ፥ አይዟችሁ፤ መንገዱን እናውቃለን» አሉና ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው፥ ልጆቹንም ዝቅ ብለው እንዲሄዱ አድርገው፥ በሮቹን በእጃቸው እየዳሰሱ 14 ቈጠሩ። ደረጃውንም አግኝተው በጥቂት ጊዜ ከመሰብሰቢያቸው ደረሱ።

በላይኛው ደርብ እናትዮዋ «ወደ 4 ቁጥር እንሂድ፤ በዚያ ይመጣሉ» አለች። አባትዮው ግን «ልጆቼ ከታች ናቸው!» ብሎ እጁን ከእጇ አስለቀቀና የሚወጣውን ሕዝብ እየገፋ ወደ ታች ሮጠ። ጭሱም ውስጥ በገባ ጊዜ የክፍሉን በር ከሌላው በር ለመለየት አልቻለም፤ የመጣበትም መንገድ ጠፋበት።

በመሰብሰቢያው ስፍራ ሠራተኛው ሰዎችን በቈጠረ ጊዜ አንድ ሰው ጐደለ። ልጁም «አባቴ ነው» ብሎ እያለቀሰ ተናገረ። ሠራተኛውም በእጁ ባለው ራዲዮ ጠራ፤ እሳቱን ያጠፉ ከነበሩት ሁለት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያን አንድ ሰው ሊፈልጉ ወደ ጭሱ ገቡ። እነዚያ ደቂቃዎች ለቤተ ሰቡ እንደ ዓመት ረዘሙ። በመጨረሻ አባትዮውን በግድግዳ ሥር ተቀምጦ ሲያስል አገኙትና ደግፈው አወጡት።

እሳቱም ሳይስፋፋ ጠፋ፤ የሞተ ሰውም የለም። ደግፎ ካወጡት ሰዎች አንዱ የፊቱን ጭንብል ባወለቀ ጊዜ፥ በየማለዳው ክፍላቸውን የሚያነጥፍላቸው ያ የፊሊፒንስ ሰው ሆኖ ተገኘ። ዓይኖቹ ከጭሱ የተነሣ ቀልተው ነበር። አባትዮው ባየው ጊዜ የፎቶግራፊቱን ሕፃን አሰበና እጁን ይዞ «ወንድሜ ሆይ፥ ይቅር በለኝ። እኔ የተነገረኝን ባለመስማቴ ልጅህን አባት ላሳጣት ነበር» አለው። ሰውየውም ፈገግ ብሎ «ጌታዬ፥ ልጆችዎ በደኅና ናቸው፤ ከሁሉ አስቀድመው የደረሱ እነርሱ ናቸው» ብሎ መለሰለት።

አሮጊቷ እናቱ አንድም የነቀፋ ቃል አልተናገሩትም፤ ፊቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት እንጂ። በማግሥቱ ማለዳ፥ ባሕሩ እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ፥ አባትዮው ብቻውን በመተላለፊያው ውስጥ እየሄደ በሮቹን ሲቈጥር ልጁ አየው፤ ሄዶም እጁን ያዘና አብሮት ቈጠረ።

ልጆች ሆይ! ልጆቹን የሚወድ አባት ስለ ልጆቹ ወደ ጭስ ገባ፤ ፍቅሩ መልካም ነበር። ነገር ግን ያልተማረ ፍቅር ራሱንም፥ ሊረዳው የመጣውንም ሰው ለሞት ያደርሳል። አያቲቱ ጕልበት አልነበራቸውም፤ የመርከቢቱንም ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ ዳሩ ግን በጸጥታው ቀን ስለ ተማሩ ሁለት ነፍስ አዳኑ። ስለዚህ መምህራችሁ ከእሳት የመሸሻን መንገድ ሲያሳያችሁ፥ ወላጆቻችሁም ስለ ወንዝ ሙላትና ስለ መንገድ አደጋ ሲመክሯችሁ፥ «ዛሬ ምን አለ?» አትበሉ። ምክር የሚሰማው ምንም በሌለበት ቀን ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው የዘገየውን ነቅፈዋል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለውም አስቀድሞ የሚጠነቀቀውን አመስግነዋል።