ለጨንቻ የሚበጀው አፕል ለዳላስ ይበጃል?

በዳላስ ዙሪያ፣ በጋርላንድ፣ በሪቻርድሰን ወይም በፕላኖ ቤት የገዛ ሐበሻ ጓሮው ላይ መጀመሪያ የሚተክለው የታወቀ ነው፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የፍራፍሬ ዛፍ ያምረዋል፤ አፕልም ይነሣል። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ችግኙ በየመደብሩ በር ተደርድሮ ይጠብቃል። ብዙ ገዢ የሚያነሣው ስሙን የሚያውቀውን፣ ወይም በካርዱ ላይ ፎቶው ያማረውን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ፍሬ መኖር አለመኖሩን በአብዛኛው የሚወስነው ያ የአንድ ደቂቃ ምርጫ ነው።

«አና» የሚባለውን ዝርያ እንውሰድ። አና የተገኘው በእስራኤል ነው፤ አባ ስታይን የተባሉ አዳቃይ በዓይን ሸመር ኪቡትዝ በ1950ዎቹ፣ ብርድ ለማይበረታበት አገር እንዲሆን ብለው ያወጡት። ጓደኛው «ዶርሴት ጎልደን» ደግሞ በባሃማስ፣ በናሳው ከተማ፣ አይሪን ዶርሴት በተባሉ ሴት ግቢ የተገኘ ነው። እነዚህ ሁለቱ ኢትዮጵያም ገብተዋል። በጋሞ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ጨንቻ፣ አፕልን በ1950ዎቹ ያስተዋወቁት ሚሲዮናውያን ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ «የጨንቻ አፕል» ሲባል የማያውቅ የለም። ጨንቻ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀኑ ግን ይሞቃል፤ እንደ አውሮፓና አሜሪካ ወራት የሚዘልቅ ብርድ የለም። ስለዚህ ጥቂት ቅዝቃዜ የሚበቃው አና ለዚያ አገር ተስማሚ ነው።

ዳላስ ላይ ያው ጠባይ ጉዳት ይሆናል።

የአፕል ዛፍ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ከእንቅልፉ ለመንቃት ከዜሮ እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ የተወሰነ ሰዓት ማሳለፍ አለበት። ለአና ከ200 እስከ 300 ሰዓት ይበቃዋል፤ ሬድ ዴሊሽየስና ጎልደን ዴሊሽየስ ግን ወደ 700 ገደማ ይፈልጋሉ። በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ በመደበኛ ዓመት የሚገኘው ከ700 እስከ 900 ሰዓት ነው። ከቁጥሩ ብቻ ሲታይ ለአና የተትረፈረፈ ይመስላል፤ ችግሩም መትረፍረፉ ነው። አና ድርሻውን ጃንዋሪ ሳያልቅ ይጨርስና የሙቀት ምልክት ብቻ ይጠብቃል። በሰሜን ቴክሳስ ደግሞ ፌብሩዋሪ ውስጥ ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ የሚያሳይባቸው ቀናት ብርቅ አይደሉም። ዛፉ ይታለልና ያብባል።

የመጨረሻው ውርጭ ግን በአማካይ የሚመጣው ማርች አጋማሽ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ይዘገያል። የፈካ አበባ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ መሞት ይጀምራል፤ ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ ከአሥሩ ዘጠኙ ያልቃል። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 በዳላስ ፎርት ወርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ተመዝግቧል። በዚያ ሰሞን ተኝቶ የነበረ ዛፍና ነቅቶ የነበረ ዛፍ የገጠማቸው ዕጣ አንድ አይደለም። አናን የተከለ ሰው በየዓመቱ አበባ ያያል፤ ፍሬ የሚያየው ግን ውርጩ ሲምረው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፈተና በሽታ ነው። «ፋየር ብላይት» የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ አበባው ፈክቶ እያለ ዝናብና ሞቅ ያለ አየር ሲገጣጠሙ በአበባው በኩል ይገባል። የሰሜን ቴክሳስ የፀደይ አየር ደግሞ በትክክል እንደዚያ ነው። ለጋው ቅርንጫፍ ጫፉ ጎብጦ ይጠቁራል፤ እሳት የላሰው ይመስላል፤ የደረቀው ቅጠልም አይረግፍም። ምልክቱ ከታየበት ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ መቁረጥ፣ በእያንዳንዱ ቆረጣ መካከልም መቀሱን በአልኮል ማጽዳት ያስፈልጋል። ሐቁን ለመናገር ሰው የሚወዳቸው ጋላ፣ ፉጂና ፒንክ ሌዲ ለዚህ በሽታ ተጋላጭ ናቸው። ሬድ ዴሊሽየስ የተሻለ ይቋቋማል፤ በሽታን እንዲቋቋሙ ተብለው የተዳቀሉት ኢንተርፕራይዝና ሊበርቲም እንዲሁ።

አፈሩን በተመለከተ የኢትዮጵያ ገበሬ ልጅ እዚህ እንግዳ አይሆንም። ከዳላስ ጀምሮ በጋርላንድና በፕላኖ የተዘረጋው ጥቁር አፈር አገር ቤት መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ዓይነት ነው። የአፈር ሳይንስ ሁለቱንም ቨርቲሶል ይላቸዋል። ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ውኃ አያሳልፍም፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል፤ የቤት መሠረት እንኳ ያንቀሳቅሳል። የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች ይህን አፈር ያሸነፉት በእጃቸው ሰፋፊ መደብ ከፍ አድርገው፣ በመካከሉ ውኃ የሚወርድበት ቦይ አውጥተው ነው። ለጋርላንድ ጓሮም መፍትሔው ያው ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ የሚቋጥር ገንዳ ከመሥራት ይልቅ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ሠርቶ ችግኙን እዚያ ላይ መትከል።

የጥቁሩ አፈር ሌላ ችግር ኖራ የበዛበት መሆኑ ነው። ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ7.5 በላይ ስለሚሆን ዛፉ አጠገቡ ያለውን ብረት መውሰድ ያቅተዋል፤ የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ ሆነው መካከሉ ቢጫ ይሆናል። «ኮተን ሩት ሮት» የሚባለው ሥር አበስባሽ ፈንገስም ይህን አፈር ይወዳል፤ አፕልን ደግሞ ክፉኛ ያጠቃል። በበጋ ሙቀት ዛፉ በድንገት ጠውልጎ፣ ቅጠሉን እንደያዘ ይደርቃል። አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። ፈንገሱ አንዴ ዛፍ የገደለበት ጓሮ ላይ ሌላ አፕል ከመትከል ፈንገሱን የሚቋቋመውን ሮማን መትከል ይሻላል። ወደ አርሊንግተንና ወደ ዌዘርፎርድ ሲኬድ ግን አሸዋማ መሬት ይገኛል። የዌዘርፎርድ አካባቢ በኮክ ምርት የታወቀውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዝርያው ስም እኩል ሊጠየቅ የሚገባው ከታች ያለው ግንድ ነው። ከሱቅ የተገዛ አፕል ፍሬው ቢዘራ የእናቱን ዓይነት አያፈራም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዛፍ የሚባዛው ቀንበጡን በሌላ ግንድ ላይ በማዳቀል ነው። የዓለም ሬድ ዴሊሽየስ ሁሉ ዘሩ የሚመዘዘው በ1870ዎቹ አዮዋ ውስጥ በጄሲ ሃያት እርሻ ላይ ከበቀለ አንድ ዛፍ ነው። የሚዳቀልበት ግንድ ደግሞ የዛፉን ቁመት፣ ድርቅ የመቋቋም አቅሙንና ፍሬ የሚጀምርበትን ጊዜ ይወስናል። ኤም 9 የሚባለው ዛፉን አጭር ያደርጋል፤ ግን ዕድሜ ልኩን ድጋፍ ይፈልጋል፣ ፋየር ብላይትም ይጎዳዋል። ኤምኤም 111 ሥሩ ጠንካራ ነው፤ ድርቅንና ከባድ አፈርን ይችላል፤ ዛፉ ግን ትልቅ ይሆናል። በኒውዮርክ የወጡት የጄኔቫ ግንዶች ብዙዎቹ ፋየር ብላይትን ይቋቋማሉ። ካርዱ ላይ «ሰሚ ድዋርፍ» ብቻ ተጽፎ የግንዱ ስም ካልተጠቀሰ ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ለአንድ ተራ ጓሮ ምን ይመረጥ? አንድ ዛፍ ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኛው ዝርያ አብሮት ከሚያብብ ከሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ይፈልጋል። ሬድ ዴሊሽየስና ጎልደን ዴሊሽየስ አብረው ቢተከሉ የአካባቢው ቅዝቃዜ ይበቃቸዋል፣ የሚያብቡበት ጊዜም ይገጣጠማል። ቀደም ብሎ ለመብላት የፈለገ በሙቀቱ መካከል የሚደርሰውን ጋላ ይጨምራል፤ ፋየር ብላይትን ለመከታተል ግን ዝግጁ መሆን አለበት። ፒንክ ሌዲ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ እዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይደርሳል፤ ጣዕሙም ያን ጊዜ ያምራል። ቀላ ያለ መልክ የሚመጣው ከቀዝቃዛ ሌሊት ጋር ነው፤ ስለዚህ በጁላይ መጨረሻ የሚለቀም አፕል መልኩ ገርጣ ቢል በሽታ አይደለም።

ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዳላስ ፎርት ወርዝ ላይ 71 ቀናት 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 38 ሴልሺየስ ገደማ፣ ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ውለዋል። እንዲህ ባለው በጋ ወጣት ግንድ ከምዕራብ በሚመጣው ፀሐይ ይላጣል፤ በውኃ የቀጠነ ነጭ የላቴክስ ቀለም መቀባት ይከላከልለታል። ከሥሩ ዙሪያ ወፍራም ጉዝጓዝ ይደረጋል፤ ግንዱን ግን መንካት የለበትም። ውኃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከሚረጭ በጠብታ መስመር ቀስ ብሎ ወደ ጥልቀት ቢወርድ ይሻላል። ፍሬውም ገና ትንሽ እያለ በ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አንዳንድ ብቻ እንዲቀር ይሳሳል። ይህን ማድረግ ብዙ ሰው ይከብደዋል፤ ያልተሳሳ ዛፍ ግን ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ በቀጣዩም ዓመት ላያፈራ ይችላል።

ጨንቻ ላይ ብዙ ቤተሰብ ገቢ ያገኘው ከፍሬው ብቻ ሳይሆን የተዳቀለ ችግኝ በመሸጥ ጭምር ነው፤ ማዳቀል እዚያ የገበሬው እጅ ሙያ ሆኗል። ያ ሙያ ሰሜን ቴክሳስም ላይ ቦታ አለው። ጋርላንድ ውስጥ ውርጩን፣ በሽታውንና መረሬውን አልፎ በየዓመቱ የሚያፈራ ዛፍ ያለው ጎረቤት ካለ፣ ከዚያ ዛፍ ጃንዋሪ ላይ፣ ዛፉ ተኝቶ ሳለ፣ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ጤነኛ ቀንበጦች ይቆረጣሉ። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ በፕላስቲክ ተደርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ግን የበሰለ አፕል መኖር የለበትም፤ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ እምቡጡን ይገድለዋል። ማርች ላይ፣ የግንዱ ልጣጭ መላቀቅ ሲጀምር፣ ማዳቀል የሚያውቅ አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም ማኅበር ቤት ጠረጴዛ ዘርግቶ ቢቀመጥ፣ በአንድ ቅዳሜ የብዙ ጓሮ ችግኝ ይዘጋጃል።